ከርክክብ በኋላ፦ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና ሕጎቻቸው ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሲታዩ

«መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት» የሚለው ስም አንድን ነገር ባልሆነው ነገር የሚጠራ ስም ነው። መንግሥት አለመሆኑን ይነግረናል እንጂ የማን እንደሆነ፣ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ለማንስ መልስ እንደሚሰጥ አይነግረንም። በአገራችን ያለፉት ስድሳ ዓመታት የሕግ ታሪክ በአመዛኙ ይህን የጎደለውን የስሙን ክፍል ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ሕግ ድርጅቶቹን በመመዝገብ፣ ሌላው በውል በማሰር፣ ሌላው የገንዘባቸውን ምንጭ በመቶኛ በመለካት ሊገልጻቸው ሞክሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ከዋና ከተማው ጽሕፈት ቤቶች ሳይሆን ሥራው ከሚያርፍበት ቦታ፣ ይኸውም ከመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ካለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አንጻር መመልከት ነው። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ወሎ የሁለት ታላላቅ ረኀቦች ማዕከል በመሆኑ የውጭ ዕርዳታ ድርጅቶች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገቡበት በር ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦና ሳይንት ግን ከበሩ ርቀው፣ በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ተከበው፣ ዕርዳታው ዘግይቶ የሚደርስባቸው አገሮች ነበሩ። ዘግይቶ የሚደርስበት ሰው የአንድን አሠራር ጉድለት ቀድሞ ያያል።

ጉዳዩ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ባዕድ አይደለም። ከሙያ ጓደኞቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ምንጫቸውን ያጎለበቱት፣ የመጀመሪያ ድልድያቸውን የነደፉት በእነዚህ ድርጅቶች ደመወዝ ነው። የሙያ ማኅበራትም ራሳቸው የሚተዳደሩት በእነዚሁ ሕጎች ነው።

ከስሙ በፊት የነበረው ተግባር

በወሎ ገጠር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለኀዘንተኛው ምግብ የሚያዋጣው ቅሬ ነው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው መሆኑ ነው። በብዙ መንደሮች እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይተዳደራሉ። ቅሬ ዳኛ አለው፣ ደንብ አለው፣ በቀረ ላይ የሚጣል ቅጣት አለው። ማሳ ለማረስና አጨዳ ለመሰብሰብ ደቦና ወንፈል፣ ጠብ ለማብረድ አባጋር፣ ለድኻ ምጽዋትና ዘካ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እነዚህ ሁሉ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው፤ ማንም ግን በዚያ ስም አይጠራቸውም። ልዩ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚያዋጣውም፣ የሚጠቀመውም፣ የሚቆጣጠረውም ያው አንድ ሰው ነው። በቅሬ ላይ ኦዲተር መላክ ያላስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመናዊ መልክ የተቋቋሙት ማኅበራት ከዚህ የተለዩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በደረሰበት ዋዜማ ተመሠረተ። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። እነዚህ ማኅበራት ከቤተ መንግሥቱና ከከተማው ልሂቃን የተወለዱ በመሆናቸው አዋጪውና ተረጂው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። የሕግ አስፈላጊነትም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የተሟላ ሕግ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ማኅበርን ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልሆነ ዓላማ ይዘው የተሰባሰቡ ሰዎች ድርጅት አድርጎ ይተረጉመዋል። ከዚያም በ1959 ዓ.ም. በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 321 የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ወጣና የምዝገባው ሥራ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተሰጠ። አገር ግዛት የጸጥታ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በአገራችን አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የመጀመሪያ ጊዜ ከመንግሥት ጋር የተገናኘው በልማት ወይም በጤና መሥሪያ ቤት በኩል ሳይሆን ፖሊስን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። ይህ አጀማመር በኋላ ዘመን ሕጎች ላይ የተወው አሻራ ቀላል አይደለም፤ «ምን ትሠራለህ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቀደመ።

የ1965 ዓ.ም. ረኀብ

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ስትራብ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ነበር፤ ረኀቡን የሚናገር ማኅበር ግን አልነበረም። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳዩ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ መምህራንና ተማሪዎችም የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት አብያተ ክርስቲያናትና ሚሲዮኖች የክርስቲያን ዕርዳታ ኮሚቴን መሠረቱ፤ ይህ ኮሚቴ በኋላ ሲ.አር.ዲ.ኤ. በሚል አሕጽሮት የታወቀው የድርጅቶች ኅብረት ሆነ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኀብ» የተባለውን ፊልም ለዓለም አሳየ። የአየርላንዱ ኮንሰርን በወሎ ሥራ የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። መንግሥትም በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቋቋመ።

የዚህን ረኀብ መንስኤ ካጠኑት መካከል አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሐሳብ ለመሐንዲስ የሚያስገርም ነው። እንደ ሴን አገላለጽ በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም፤ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህልም ነበር። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት ዐቅም ነው። ሰብሉ ሲከስር፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ ገበያ ላይ ያለውን እህል የሚገዛበት ነገር አጣ።

የእኛ ሙያ ረኀብን የመንገድና የመጋዘን እጥረት አድርጎ ለማየት ይቸኩላል። መንገድ አላስፈለገም ማለት አይደለም። ሰው ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ወልዲያ አስፋልት ዳር እየወረደ የወደቀው የጭነት መኪና የሚደርሰው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ከአባይ ዳር ወገን የሚነሣ ሰው አስፋልቱ ጋ ለመድረስ የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነበረበት። ነገር ግን እህል በሌላ አቅጣጫ እየወጣ ሳለ የተራበው የደረሰበትን የሚናገርበት አንደበት ማጣቱ የመንገዱን ያህል፣ ምናልባትም ከመንገዱ የበለጠ ገድሏል። ይህን ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ 2001 ዓ.ም. አዋጅ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብና የኮሚሽኑ ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ የገበሬዎች ማኅበራትም ተቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት በስም ማኅበር ቢሆኑም በተግባር የመንግሥት የመጨረሻ እርከን ሆኑ። የዕርዳታ እህል ስም ዝርዝር የሚወጣው በእነርሱ ነበር፤ ለሠፈራ የሚሄደውም ሰው የሚመለመለው በእነርሱ በኩል ነበር።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው የቢ.ቢ.ሲ. ዘገባ፣ በሐምሌ ወር ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት የዓለምን ሕዝብ ቀሰቀሱ። ድርጅቶች በብዛት ገቡ። ኮሚሽኑም ከእያንዳንዳቸው ጋር ውል እየተፈራረመ የሥራ ቀበሌ ይመድብላቸው ጀመር። መኪና በማይደርስባቸው የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋዎች የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ይጥሉ ነበር። በጠፍጣፋ ደጋ ላይ ከአውሮፕላን የሚወረወር ጆንያ የመንገድ አለመኖርን ዋጋ የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ብዙ ኪሎ ሜትር ጥርጊያ መንገድ ሊወጣ ይችል ነበር።

የኮሚሽኑ ውል ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ሥራን ያቀናጃል፤ ሁለት ድርጅቶች አንድ መጠለያ ላይ ተደራርበው ሌላው መጠለያ ባዶ እንዳይቀር ያደርጋል። ይህ የሚመሰገን ነው። በሌላው በኩል ዝምታን የፈቃድ ዋጋ አደረገ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሠፍር ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ የተነሣ ነው። የሠፈራውን አፈጻጸም በአደባባይ የነቀፈው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ከፊሎቹ በልባቸው ያው ሐሳብ ቢኖራቸውም ሕሙማናቸውን ጥለው ላለመሄድ ዝም አሉ። የትኛው ወገን ትክክል ነበር? ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት መካከል የሆላንዱ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ለ3 ወራት ሲታገዱ ይኸው ጥያቄ በሌላ መንግሥት ዘመን እንደገና ተነሥቷል።

ከዕርዳታ ወደ ልማት

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ተበራከቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ዕርዳታ በነጻ ከሚታደል ይልቅ ዐቅም ያለው ሰው ሠርቶ እንዲያገኘው አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተብሎ ተሰየመ። እርከንና ክትር፣ የገጠር መንገድና ኩሬ በምግብ ለሥራ ተሠሩ። በ1990ዎቹ መግቢያ ድርጅቶቹ በራሳቸው ተነሣሽነት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። የዚህ ደንብ ትርጉም ትልቅ ነው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው «እኛም እንጠየቃለን» ማለታቸው ነበር።

በመካነ ሰላም አካባቢ የዚህ ዘመን ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ የሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው። መሥራቹ ካርልሃይንዝ ቦም የኦስትሪያ የፊልም ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በአንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ አያዋጣም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱ ገንዘብ አስገኘለት፤ ገንዘቡን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱን መሠረተ። ድርጅቱ በሐረርጌ ጀምሮ በኢሉባቦር፣ በመርሐቤቴ፣ በሚዳ፣ በደራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ቦረና ወረዳ መጣ፤ ቆይቶም ወደ ወግዲ ተሻገረ። አሠራሩ በአንድ ወረዳ ለዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ ምንጭን፣ ትምህርት ቤትን፣ ጤናን፣ እርከንንና የሴቶችን ብድር አጣምሮ መሥራት፣ ከዚያም ለሕዝቡና ለመንግሥት አስረክቦ መውጣት ነው። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት በበዛበት አገር ዐሥር ዓመት መቀመጥ በራሱ አንድ የምሕንድስና ውሳኔ ነው። አንድ እርከን መርጋቱ የሚታወቀው ብዙ ክረምት ካለፈበት በኋላ ነውና።

ሌላው ምሳሌ ለሙያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በጎጃምና በቤጌምድር መካከል አባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች መካከለኛውን ቅስት ካፈረሱበት ጀምሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ የሚያልፍበት ነበር። ይህን በፎቶግራፍ ያየው አሜሪካዊው የሥራ ተቋራጭ ኬን ፍራንዝ ድርጅት አቋቁሞ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱን በብረት ድልድይ ሞላው። ያም ድልድይ ግን በኋላ በጎርፍ ተወስዶ ከፍ ብሎ በተዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ መተካት ግድ ሆነ። የስዊዘርላንዱ ሄልቬታስም በአማራ ክልል ሸለቆዎች ላይ ተመሳሳይ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድዮች ሠርቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በጎ ፈቃድ አንድ ድልድይ ሊያቆም ይችላል፤ የአባይን የክረምት ከፍታ ግን በጎ ፈቃድ አያውቀውም። ሁለተኛ መጥቶ የሚጠይቅ፣ ጥፋቱን የሚመረምር፣ የሚያርም ድርጅት ሲኖር ብቻ ሥራው ይቀጥላል። ድልድዩን የሠራው ድርጅት ባይመለስ ኖሮ ሰው እንደገና ወደ ገመዱ ይመለስ ነበር።

የ2001 ዓ.ም. አዋጅና የምንጩ ሒሳብ

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫውን እንዳይታዘቡ ከለከለ፤ ድርጅቶቹ ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ። ከምርጫው ማግሥት የደረሰውን አንባቢ ያስታውሳል። በየካቲት 2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከዚህ ታሪክ ተለይቶ ሊነበብ አይችልም።

አዋጁ ድርጅቶችን በሦስት ከፈለ፤ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ ብሎ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በጾታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ አሰጣጥ ላይ መሥራት ተከለከለ። ነባሮቹ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲመዘገቡ ታዘዙ። በኤጀንሲው ቦርድ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ድርጅት ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት የተሰጠው «የኢትዮጵያ» ለተባሉት ብቻ ነበር። ዕድርና ዕቁብን የመሳሰሉት ባህላዊ ማኅበራት ከአዋጁ ውጭ ሆኑ፤ ይህ ለቅሬ የተሰጠ ያልታሰበ ምስክርነት ነው።

የአዋጁ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት ባዶ አልነበረም። የውጭ ገንዘብ የአገር ውስጥ ፖለቲካን ሊያዛባ እንደሚችል ብዙ አገሮች ያምናሉ፤ በተረጂ ስም የመጣ ገንዘብ በመኪናና በአበል ማለቁም ሐሰት አይደለም። ስለዚህ አዋጁ ቢያንስ 70 በመቶው ወጪ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር እንዲውል አዘዘ። ሕዝብም ይህን ሲሰማ ደስ ተሰኘ። ችግሩ ያለው «አስተዳደር» በሚለው ቃል ትርጓሜ ላይ ነው። በኋላ በወጣው መመሪያ የትራንስፖርት፣ የክትትልና ግምገማ፣ የሥልጠናና የመሳሰሉት ብዙ ወጪዎች በአስተዳደር ተመደቡ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በእነዚህ ደጋዎች ምንጭ የሚፈልቀው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የባዛልት ንብርብር ከሌላው ጋር በሚገናኝበት ገደል ሥር ነው። ምንጭ ለማጎልበት ሲታሰብ መጠኑ መለካት ያለበት በሚያዝያና በግንቦት፣ ውኃው በሚሳሳበት ጊዜ ነው። መሣሪያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ነው። ጀሪካኑ በ50 ሴኮንድ ቢሞላ ፍሰቱ በሴኮንድ 0.4 ሊትር፣ በቀን 34,560 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በሚለው የቀድሞ መመዘኛ ይህ ምንጭ ለ2,304 ሰው ይበቃል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የ25 ሊትር መመዘኛ ግን ለ1,382 ሰው ብቻ ነው። ይኸው ምንጭ በጥቅምት ቢለካ ውጤቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የተዘረጋ ቧንቧና የተተከለ ቦኖ በመጀመሪያው የበጋ ማብቂያ ይደርቃል።

እንግዲህ ሲሚንቶውና ቧንቧው ያለ ጥርጥር የዓላማ ማስፈጸሚያ ወጪ ናቸው። ምንጩን ለመለካት በሚያዝያ የሚሄደው ሰው የመኪና ነዳጅ ግን የማን ነው? ሥራው ከተረከበ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ ቫልቩን የሚያየው ቴክኒሻን አበልስ? ነገሩ በሲሚንቶ ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ድርጅቱ ብዙ ሲሚንቶ የሚፈጅ፣ ጥቂት የሚለካ፣ ፈጽሞ የማይመለስ ይሆናል። ሕጉ ብክነትን ሊከለክል ተነሥቶ ክትትልን ቀጣ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሥራው አጋጣሚ ካያቸው ምንጮች መካከል የሠራው ድርጅት ስምና ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ሰሌዳ በደኅና ቆሞ፣ ከሥሩ ያለው ቦኖ ደርቆ ሴቶች ወደ ቀድሞው ገደል የተመለሱበት አለ። ድርጅቱ በጊዜው የኦዲት ችግር አልነበረበትም።

አሁን አንባቢው እንዲይዝልኝ ወደ ለመንሁት ነጥብ እመለሳለሁ። አዋጁ «ልማትን» ከ«መብት» በመቶኛ መስመር ለየ። ነገር ግን ከደረቀው ቦኖ ፊት ለፊት የቆመችው ሴት የምትፈልገው ምንድን ነው? ቧንቧ ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ሆኖም ቧንቧው ለምን እንደደረቀ የምትጠይቅበት፣ የውኃ ኮሚቴው ያሰባሰበው ገንዘብ የት እንደደረሰ የምታውቅበት፣ ያልተመለሰላትን ወደ በላይ አካል የምታደርስበት መንገድም ትፈልጋለች። ይህ ሁለተኛው «መብት» ይባላል። የ1965 ዓ.ም. ወሎ ያስተማረችን ሁለቱ ሊለያዩ እንደማይችሉ ነው። ያን ጊዜ እህል ሳይጠፋ ሰው አለቀ፤ አሁንም ውኃ ሳይጠፋ ሰው ሊጠማ ይችላል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ

በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሻረ። የ10 በመቶው ገደብና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የሥራ መስክ ክልከላ ተነሣ፤ የይግባኝ መብት ተስፋፋ፤ ድርጅቶቹ ራሳቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 20 በመቶ ሆነ። በመንፈሱ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ሕግ ነው። ሆኖም ሕግ በመንፈሱ ብቻ አይፈጸምም። በ2017 ዓ.ም. ጥቂት የታወቁ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በባለሥልጣኑ ታገዱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅቱን፣ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲን፣ ሲዘጋ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፤ የሥራ ፕሮግራሞች በመካከል ቆሙ።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የኋለኛው ለመካነ ሰላም አካባቢ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል። ስድሳ ዓመት ሙሉ የሕጎቻችን ጭንቀት የውጭ ገንዘብ ሲገባ ምን ያደርጋል የሚል ነበር። ሲወጣ ምን ይተዋል የሚለውን ግን በበቂ ሁኔታ አልጠየቅንም። ገንዘቡ በመንግሥት ትእዛዝ ቢወጣ፣ በለጋሽ ውሳኔ ቢቆም፣ ወይም በጦርነት ቢቋረጥ ለምንጩ ያው ነው።

ምን ይደረግ?

የታሪክ ጽሑፍ የመጨረሻ ምዕራፉ ምክር ሊሆን እንደማይገባ የሚያምኑ አሉ። የሙያ መጽሔት አንባቢ ግን «ታዲያስ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ርክክብ የፎቶግራፍ ቀን መሆኑ ቀርቶ የሕግ ተግባር ይሁን። ድርጅቱ ያስረከበው ሥራ በትክክል የተሠራበት ንድፍ፣ የበጋ ፍሰቱ ልክ፣ የቧንቧው ዓይነትና መጠን፣ የመለዋወጫው ዝርዝር በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ይቀመጥ። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ የት እንደተቀበረ የሚያውቀው በወቅቱ የቀን ሠራተኛ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ይህን መዝገብ ለመያዝ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሥራ ተረክቦ ለተወሰኑ ዓመታት የሚደረግ ክትትል ያለ አንዳች ክርክር የዓላማ ማስፈጸሚያ ወጪ ተብሎ ይታወቅ። ለሥራ ተቋራጭ የዋስትና ጊዜ የሚጥል አገር ለበጎ አድራጊ ድርጅት ይህን ያህል ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ የሚያስገርም ነው። በጎ አድራጊ ነውና አይጠየቅም ማለት ለተረጂው ክብር አለመስጠት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚረከበው ወገን ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን በሕግ አቁሟቸዋል። ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ማኅበሩ ውል የሚዋዋል፣ ገንዘብ በባንክ የሚያስቀምጥ፣ ቢበደል የሚከስ ከሆነ ከድርጅቱም ከመንግሥቱም ፊት እኩል ሊቆም ይችላል። ቅሬ ያለ ኦዲተር ለዘመናት የጸናው አዋጪው ራሱ ተቆጣጣሪ ስለሆነ ነው ብለናል። በገንዘብ ያላዋጣ ተረጂን ተቆጣጣሪ ማድረግ የሚቻለው ይህን ሥልጣን ሕግ ሲሰጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ «መንግሥት ራሱ የሠራቸው ቦኖዎችስ ደርቀው የለምን?» የሚል። ደርቀዋል። ስለዚህ ከላይ የተባለው ሁሉ ለመንግሥት ሥራም ያገለግላል። መንግሥት ከድርጅቶች የሚጠይቀውን ከራሱ ካልጠየቀ ቁጥጥሩ የልማት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን መሣሪያ ይሆናል፤ በ1959 ዓ.ም. ከአገር ግዛት ጽሕፈት ቤት ወደ ጀመረበትም ይመለሳል።

ዛሬ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም መኪና ይደርሳል፤ ከዚያም መንገዱ ወደ አባይ ሸለቆ ወርዶ በድልድይ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን ይሻገራል። ከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የጎደሉት ሁለት ነገሮች፣ ይኸውም መንገድና የተማረ ሰው፣ በመጠኑም ቢሆን ደርሰዋል። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ የተሠራለት ሰው ስለ ተሠራለት ሥራ የመጠየቅ መብት። እርሱ በመቶኛ ጣሪያ አይገኝም። እርሱ የሚገኘው መሐንዲሱ ንድፉን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ለውኃ ኮሚቴውም ሲያስረክብ፣ ሕጉም ለኮሚቴው አቤቱታ ጆሮ ሲሰጥ ነው። የመጀመሪያው በእኛ እጅ ያለ ነው፤ አዋጅ እስኪወጣለት መጠበቅ አያስፈልገንም።